ቀን መምህር፣ ማታ አንተ

ይድረስ ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

ከ1986 እስከ 2012 ዓ.ም. በማረሚያ ቤት ጥበቃነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሥራውን የጀመርኩት ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር። ዘጠነኛንና አሥረኛን የተማርኩት በግቢው ትምህርት ቤት፣ ከታራሚዎች ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ ነው። የሒሳብ መምህራችን ራሳቸው ታራሚ ነበሩ። ጠመኔ ሲያልቅባቸው ጣታቸውን ውኃ እየነከሩ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ይጽፉና «ሳይደርቅ ገልብጡ» ይሉን ነበር።

ከሰዓት በኋላ እኔ ከነደንብ ልብሴ «መምህር፣ አልገባኝም» እላቸዋለሁ። አመሻሽ ላይ ቆጠራ ይደርሳል። ታራሚው ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ቁጢጥ ይላል፤ እኔም በዱላዬ ጫፍ እየጠቆምኩ እቆጥራለሁ። እሳቸው ዘንድ ስደርስ ከአፌ የሚወጣው «አንተ፣ ዝቅ በል!» ነበር። ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው አውቃለሁ። ነገር ግን አለቃዬ ከበር ሆኖ ያያል፤ ታራሚን አንቱ ያለ ጥበቃ ደግሞ ልቡ ወደ እስረኛ አድልቷል ተብሎ ይጠረጠር ነበር። በማግስቱ ክፍል ስገባ እሳቸው እኔን፣ በልጃቸው ዕድሜ ያለሁትን፣ «ትናንት ያልገባዎት የቱ ጋ ነበር?» ይሉኛል።

እንዲህ ሆነን አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ከረምን። አንድ ማታ ግን ጉልበታቸው ከድቷቸው በእጃቸው መሬት ሲደገፉ አየሁና «መምህር፣ ቆመው ይቆጠሩ» አልኩ። ሰልፉ ጸጥ አለ። እኔም ተጠርቼ ተገሠጽኩ፤ ለሁለት ሳምንት ሌሊት ሌሊት ማማ ላይ ተመደብኩ። ስመለስ በእኔ ፈረቃ ቆጠራ መደጋገም ቀርቶ ነበር። ጠብ ሊነሣ ሲል፣ የታመመ ሲኖር፣ ስለት የደበቀ ሲገኝ ታራሚዎቹ ቀድመው ይነግሩኝ ጀመር። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት አንድ ሰው እንኳ እንዲህ ያለ ነገር ነግሮኝ አያውቅም።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ባለፈው የጾም ወቅት ያየሁት ነገር ነው። የታሰረ የጎረቤቴን ልጅ ልንጠይቅ ከእናቱ ጋር ሄድን። እናቱ የልጅ ልጅ ያዩ ሴት ናቸው። ፍተሻ ላይ የቆመው ወጣት ጥበቃ «አንቺ፣ ክፈቺው» አላቸው። ከዚያም ከፊታቸው ከነበሩት ጠያቂ የሥጋ ወጥ ውስጥ ያወጣውን ማንኪያ ሳይጠርግ በእሳቸው የጾም ሽሮ ውስጥ ነከረው። ምንም አላሉም። ሳህኑን መልሰው ቋጠሩት፤ ለልጃቸው ያስገቡት ዳቦውን ብቻ ነው።

ፍተሻ ይቅር አልልም። እኔ ራሴ ከዳቦ ውስጥ ምላጭ አውጥቻለሁ። ሁለተኛ ማንኪያ መያዝ ግን የግቢውን ጸጥታ አያናጋም፤ አንዲትን እናት «እማማ፣ ይክፈቱልኝ» ማለትም ፍተሻውን አያዘገይም።

ሕጉ አለን። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ሰብአዊ ክብሩን በሚጠብቅ ሁኔታ የመያዝ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦችም የጠያቂ ፍተሻ አዋራጅ መሆን እንደሌለበት ይናገራሉ። ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. እዚሁ ኮልፌ ከእኛ ፖሊሶች ዘንድ ሠልጥነው፣ በኋላ በአገራቸው 27 ዓመት የታሰሩ ሰው ናቸው። በስማቸው የተጠራ ደንብ ለእኛ ጥበቃዎች እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር።

ያንን ወጣት አልረግመውም። በእሱ ዕድሜ እኔም «አንተ» እያልኩ የሰው አባት አስቆጥሬአለሁ። ደግሞስ እሱን ማን በምን ስም ይጠራዋል? ጠዋት በሰልፍ ላይ በሰው ፊት «ደደብ» ሲባል ያረፈደ፣ በዝናብ ውስጥ ያለ ካፖርት ሲቆም የሌሊት ፈረቃውን የጨረሰ ልጅ፣ ያንን ስድብ በሩ ላይ ለቆመች እናት ያወርሰዋል። ታራሚውም በበኩሉ ጥበቃውን ሲሳደብ ሰምቻለሁ፤ ተሰድቤአለሁም። ነገር ግን ቁልፉ በእኛ እጅ ነውና መጀመር ያለብን እኛ ነን።

የሚመለከታቸው ኃላፊዎች ለምልምሎች በሚሰጠው ሥልጠና ላይ ስለ አጠራር፣ ስለ ፍተሻና ስለ ቆጠራ ጥቂት ቀናት ቢመድቡ፣ ያለ አንዳች አበል መጥቼ ያየሁትን ለመናገር ዝግጁ ነኝ። ስሜና ስልኬ በዝግጅት ክፍሉ ዘንድ አለ።

ጡረተኛ የማረሚያ ቤት ፖሊስ
ከደብረ ብርሃን