ሰኒዬ፣ ቅዳሜ ትመጫለሽ?

ሰኒዬ፣ እንዴት ነሽ?

ይህን ደብዳቤ ስንቴ ጀምሬ ስንቴ እንደተውኩት አትጠይቂኝ። የእማማ አርባ ላይ አለመምጣቴ እስካሁን ይከነክነኛል። ምክንያት አልደረድርም፤ ጥፋቴ ነው፣ ይቅር በይኝ። የቀረውን ስንገናኝ። አሁን የምጽፍልሽ ስለ ናቲ ነው።

አንድ ዓመት ከአስር ወር ሞላው። ይሮጣል። ባጃጅ ባየ ቁጥር «ጃጃ!» እያለ ሰፈሩን ያደምቃል። የሚበላው ግን አጥሚትና ወተት ብቻ ነው። ፓፓያ እንኳ ካልተፈጨ አይነካም። አጥሚቱ ውስጥ አንዲት የሩዝ ፍሬ ካገኘ ዓይኑ እንባ ይሞላል፣ ኧክ ይለዋል፣ የበላውን ሁሉ ይመልሰዋል። እኔም አብሬው አለቅሳለሁ።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። በስምንት ወሩ ድንች ትን ብሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ ፈራሁ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ እስኪሆነው ሁሉን ነገር በብሌንደር ስፈጭለት ኖርኩ። ለካ ከስድስት ወር በኋላ ያሉት ወራት ማኘክ የሚለመድባቸው ናቸው። ዘጠኝና አስር ወር ካለፈ በኋላ ጓል ያለው ምግብ የሚጀምሩ ልጆች ይበልጥ ያስቸግራሉ አሉ። ሌሊት ሌሊት የምታብሰለስለኝ ይህቺ ነገር ናት።

አማቴ ደግሞ «ጋቺው እንጂ!» ይሉኛል። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ጭናቸው ላይ አጋድመው በመዳፋቸው ሲግቱት ደረስኩ። ለክፋት አይደለም፤ ልጆቻቸውን ሁሉ ያሳደጉት እንዲያ ነው። ግን ናቲ ሁለት ቀን ሙሉ ማንኪያ ሲያይ አፉን ግጥም አድርጎ ዘጋ። ሰኒዬ፣ ያን ፊቱን ብታዪው!

በመጨረሻ አንዲት ነርስ ጋ ወሰድኩት። መዘነችው። ውሃ ሲጠጣ ያስለው እንደሆነ ጠየቀችኝ። መዋጡ ደህና ነው አለች። ኧክ ማለቱ ጉሮሮው ራሱን ሲከላከል ነው፤ የሚያስፈራው ድምፁ ሲጠፋ ነው። ወተቱ ግን በዝቷል፣ በቀን ከሁለት ኩባያ አይለፍ አለችኝ፤ ሆዱን ይሞላዋል፣ ደም ማነስም ያመጣል። ደግሞ ቀጭን ነገር ውስጥ የተደበቀ ጓል ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ከሁሉ ይከብዳል። እኔ ሩዟን አጥሚት ውስጥ ስደብቅ! ይልቅ አጥሚቱን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያወፈርሽ ወደ ገንፎ ውሰጂው አለች። አዲስ ነገር ሲሆን፣ ከሚወደው አጠገብ ቁንጥር ታህል ማስቀመጥ። እምቢ ካለ ዝም ብሎ ማንሳት። አስር፣ አስራ አምስት ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ማስገደድ የለም። «ይህን ከበላህ ከረሜላ» ማለትም የለም።

ሐሙስ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል በረንዳ ላይ ገንፎ ይዤ ተቀመጥኩ። ለራሴ ነበር። ናቲ መጣ። ቅቤው መሀል ጣቱን ነከረ። አሸተተው። ላሰው። ፊቱን አጨማደደ። ደግሞ ነከረ፤ አሁን ግን ጣቱ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ገንፎ ተጣብቃለች። በምላሱ ወዲያ ወዲህ አገላበጣት። ዋጣት! እኔ ትንፋሼን ይዤ ቀረሁ። እልል ብል ይደነግጣል ብዬ ፈራሁ።

እና ሰኒዬ... ይህን ያህል ጠፍቼ በጉዳይ መምጣቴ ቅር እንዳይልሽ። ልጅሽ ያገኘችውን ሁሉ እንደምትበላ አውቃለሁ። ልጅ ደግሞ ከልጅ ጋር ሲቀመጥ እያየ ይለምዳል። ቅዳሜ ይዘሻት ብትመጪስ? አንድ ገበታ ላይ እናስቀምጣቸው። አንቺም ናፍቀሽኛል። ይህን መጀመሪያ ማለት ነበረብኝ።

የሐረር ፈጢራ ይዘሽ ነይ። እንደዚያን ጊዜው መንገድ ላይ ጨርሰሽው ባዶ ላስቲክ እንዳታስረክቢኝ!

ደንገጎ ስትደርሺ ደውዪልኝ። ናቲን ይዤ መናኸሪያ እጠብቅሻለሁ። ጃጃዎቹን እያየ ይቆያል።

ያንቺው
ሄለን፣ ሳቢያን፣ ድሬዳዋ