ልጄ፣ ረጅም ዘፈን አትፍሪ

ልጄ፣ እንዴት ነሽልኝ?

የፕሮግረሲቭ ሮክ፣ የዚያ ረጅምና ውስብስብ የሮክ ሙዚቃ፣ ምርጥ ዘፈኖች የትኞቹ ናቸው ብለሽ ከጠየቅሽኝ ጀምሮ ሳስብበት ነው የከረምኩት። በሁለት መስመር ልመልስልሽ እችል ነበር። ግን "ይኼን ስሚ፣ ያንን ስሚ" ብዬ ብቻ ብተወው፣ ትከፍቺውና ሦስት ደቂቃ ሰምተሽ፣ ምንም የተለየ ነገር አልመጣም ብለሽ ትዘጊዋለሽ። የእነዚህ ዘፈኖች ጉድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያለው ከሦስተኛው ደቂቃ በኋላ ነው። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ፣ ታገሺኝ።

በኔ ሚዛን ከሁሉም በላይ የሚቀመጠው "ስታርለስ" ነው። ኪንግ ክሪምሰን የሚባለው ባንድ በ1974 "ሬድ" በሚለው አልበም መጨረሻ ላይ ያስገቡት ዘፈን ነው። አልበሙ ሲወጣ ባንዱ ፈርሶ ነበር። ርዝመቱ 12 ደቂቃ ከምናምን ይሆናል። መጀመሪያ ሜሎትሮን የሚባለው ኪቦርድ የቫዮሊኖች ድምፅ ያነጥፍና እላዩ ላይ የሮበርት ፍሪፕ ጊታር አንድ አሳዛኝ ዜማ ይጫወታል። ያንን ዜማ ልብ ብለሽ ያዢው፣ በኋላ ትፈልጊዋለሽ። ከዚያ ጆን ዌተን ይዘፍናል፣ ሳክስፎኑ ከሥር ከሥሩ ይከተለዋል፣ ለአራት ደቂቃ ያህል ሁሉም ነገር ውብና ሐዘንተኛ ነው።

ከዚያ ዘፈኑ በረድ ይላል። ቤዙ ዝግ ብሎ አንድ ነገር መደጋገም ይጀምራል። በ13 ምት ነው የሚዞረው። ጠረጴዛ በጣትሽ እየመታሽ ቁጠሪው፤ 12 ላይ ያለቀ ይመስልሽና አንድ ምት ይተርፋል፣ እረፍት የምትነሳሽ ያቺ ትርፍ ምት ናት። ጊታሩ ደግሞ አንድ ኖታ ብቻ ነው የሚመታው። አንድ! ያንኑ ኖታ በሁለት ገመድ ላይ እያፈራረቀ ይቆይና ትንሽ ከፍ ይላል፣ እንደገና ይቆያል፣ ደግሞ ከፍ ይላል። ድራመሩ ቢል ብሩፎርድ መጀመሪያ እዚህም እዚያም ኮሽ ኮሽ እያደረገ ብቻ ይቆይና ቀስ በቀስ እየከበደ ይመጣል፣ የቤዙም ድምፅ እየሻከረ ይሄዳል። አሁን ፈነዳ ስትዪ አይፈነዳም። ይኼ ለደቂቃዎች ይቀጥላል። በመጨረሻ ሲፈነዳ ሳክስፎን እየሮጠ ይገባል፣ ሙዚቃው ፍጥነቱን ይጨምራል፣ ትንፋሽ ያሳጣሻል፤ ከዚያ ሁሉ ግርግር መሀል ያ የመጀመሪያው ዜማ ተመልሶ ይመጣል።

ኖታዎቹ ያው ናቸው። ቆርጠሽ ለብቻው ብትሰሚው ቆንጆ ዜማ ነው፣ ከዚያ አያልፍም። ያንን ሁሉ መከራ አልፈሽ ስትደርሺበት ግን አንጀት ይበላል። እና የኔ መለኪያ ይኼ ነው፤ ዘፈኑ ረጅም ስለሆነ ወይም ተጫዋቾቹ ጣታቸው ፈጣን ስለሆነ ታላቅ አይባልም። መጨረሻው እንዲሰማሽ መሀሉን ማለፍ ግድ የሚልሽ ከሆነ ነው ታላቅ የምለው።

ሜሎትሮን ያልኩሽን መሣሪያ ትንሽ ላብራራልሽ፣ ምክንያቱም የዚህ ሙዚቃ ግማሽ መልኩ እሱ ነው። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር አንድ የቴፕ ክር አለ፤ ክሩ ላይ እውነተኛ ቫዮሊን ወይም ዋሽንት ወይም መዘምራን ተቀድቷል። ቁልፉን ስትጫኚ ክሩ ይጫወታል፣ ግን 8 ሰከንድ ገደማ ሲሆነው ያልቃል። ጣትሽን አንስተሽ እንደገና መጫን አለብሽ። ትንሽ የሚንቀጠቀጥ፣ ከሩቅ የሚመጣ የሚመስል ድምፅ ያለው ለዚህ ነው። ዛሬ ኮምፒውተር ላይ አስመስለው ሠርተውታል፣ ቢሆንም የድሮውን ቅጂ ስሚ።

ይኼን መሣሪያ በደንብ ያሰሙን እነዚሁ ኪንግ ክሪምሰን ናቸው፣ በጥቅምት 1969 በወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው። ሽፋኑ ላይ የሚጮኸውን ቀይ ፊት አይተሽው ይሆናል። የሣለው ባሪ ጎድበር የሚባል ወጣት ነው፤ አልበሙ በወጣ በወራት ውስጥ፣ ገና በ24 ዓመቱ ሞተ። የመጀመሪያው ዘፈን "ስኪዞይድ ማን" እስከ ዛሬ ያስደነግጣል። መሀል ላይ ጊታርና ሳክስፎን ድራሙን ይዘው አንድ ላይ እየሮጡ ድንገት ቀጥ ይላሉ፣ ደግሞ አንድ ላይ ይነሳሉ፣ ደግሞ ቀጥ። ማንም ቀድሞ አይገባም፣ ማንም አይዘገይም። "ኤፒታፍ" ደግሞ ከዚያው አልበም ነው፤ ሜሎትሮን ምን ማድረግ እንደሚችል እሱ ላይ ትሰሚዋለሽ።

የብዙዎቹ ትልልቅ ዘፈኖች ርዝመት ለምን ከ18 እስከ 24 ደቂቃ እንደሆነ አስበሽ ታውቂያለሽ? ሸክላው ነው ምክንያቱ። የሸክላ አንድ ገጽ ድምፁ ሳይሳሳ የሚይዘው ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ አንድ ሙሉ ገጽ ለአንድ ዘፈን መስጠት ማለት በዚያን ጊዜ ሊሰጥ የሚችለውን ሁሉ መስጠት ነበር።

የስ የሚባለው ባንድ አባላት በ1972 "ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ"ን ሲሠሩ ያደረጉት ይኼንን ነው። 18 ደቂቃ ከግማሽ በላይ ነው። በወፎችና በውኃ ድምፅ ይጀምርና ድንገት ሁሉም መሣሪያ በየፊናው የሚሮጥ ይመስላል። መጀመሪያ ስትሰሚው የተመሰቃቀለ ነገር ነው። አትዝጊው። የክሪስ ስኳየርን ቤዝ ብቻ ተከተዪ፣ እሱ መንገዱን ያሳይሻል። ስምንተኛው ደቂቃ አካባቢ ግርግሩ ሁሉ ይቀርና ድምፆች በድምፆች ላይ እየተደራረቡ ይዘፈናል፣ ከዚያ የሪክ ዌክማን ኦርጋን ባዶውን ሞልቶ ይገባል። እውነተኛ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ነው፣ ለንደን ውስጥ ካለ ቤተ ክርስቲያን ነው የቀዱት። ቀረጻውም ቢሆን በአንድ ትንፋሽ የተሠራ አይደለም፤ ቁራጭ ቁራጩን እየቀዱ፣ ቴፑን እየቆረጡ እየቀጠሉ ነው ያወጡት። ድራሙን የሚመታው ማን መሰለሽ? ያው ብሩፎርድ ነው። ይኼ አልበም እንዳለቀ ለቆ ወደ ኪንግ ክሪምሰን ሄደ፣ ሁለት ዓመት ቆይቶ "ስታርለስ" ላይ ተቀመጠ። አንድ ሰው እነዚህን ሁለቱንም መጫወቱ ሁሌም ይገርመኛል።

በዚያው ዓመት ጀነሲስ የሚባሉት ሌላ ባንድ "ሰፐርስ ሬዲ"ን አወጡ። 23 ደቂቃ ገደማ፣ ሰባት ክፍል። መሀሉ ላይ ልጆች የሚጫወቱበት የሚመስል የቀልድ ክፍል አለ፣ እሱ ብዙ ሰው ያስመርራል፣ እኔ ግን ባይኖር ከሱ ቀጥሎ የሚመጣው ያን ያህል አያስፈራም ነበር እላለሁ። የሚቀጥለው ባለ 9 ምቱ ክፍል ነው። ሦስት፣ ሁለት፣ አራት እያልሽ ቁጠሪው። ድራሙና ቤዙ ያንን ሳይለቁ ይዘው ሲቀጥሉ የቶኒ ባንክስ ኦርጋን በራሱ ቁጥር ይሄዳል፣ አንዴ ይገጥማሉ አንዴ ይተላለፋሉ። ባንክስ የመሣሪያ ብቻ ክፍል ይሆናል ብሎ ነበር ያሰበው። የባንዱ ዘፋኝ ፒተር ገብርኤል እላዩ ላይ ሲዘፍንበት መጀመሪያ ቅር ብሎት እንደነበር፣ በኋላ ግን ምን ያህል እንደሚያምር እንደገባው ራሱ ተናግሯል። እኔም ያቺ ድምፅ የምትገባባትን ቦታ ስንቴም ብሰማት ጠጉሬ ይቆማል።

ፒንክ ፍሎይድን ታውቂያቸዋለሽ፣ ስለዚህ አጭር ላድርገው። "ኤኮስ"ን ስሚ፣ የ1971። የሚጀምረው በአንዲት የፒያኖ ኖታ ነው። ሪቻርድ ራይት ያቺን ኖታ ሌስሊ በሚባል የሚሽከረከር ድምፅ ማጉያ አሳልፎ መታት፣ በቃ፣ 23 ደቂቃው ሁሉ ከሷ ነው የተነሳው። መሀል ላይ የሚጮኹት የባሕር ወፍ የሚመስሉ ነገሮች ወፍ አይደሉም፤ ጊታሪስቱ ዴቪድ ጊልሞር ዋዋ የሚባለውን፣ የጊታር ድምፅ የሚለውጥ በእግር የሚረገጥ ፔዳል፣ መግቢያና መውጫ ገልብጦ ሰክቶ ያወጣው የጊታር ድምፅ ነው። "ሻይን ኦን" ደግሞ ለቀድሞ ጓደኛቸው ለሲድ ባሬት የተሠራ ነው። ሰው መዝፈን እስኪጀምር ከስምንት ደቂቃ በላይ ትጠብቂያለሽ። በሰኔ 1975 ዘፈኑ ያለበትን አልበም ሲሠሩ ባሬት ራሱ ስቱዲዮ መጣ፤ ወፍሮ፣ ፀጉሩንና ቅንድቡን ተላጭቶ። አብረውት ባንድ የመሠረቱት ሰዎች መጀመሪያ ማን እንደሆነ አላወቁትም። ይኼን ካወቅሁ ወዲህ ዘፈኑ ውስጥ የሚደጋገሙት አራት የጊታር ኖታዎች ሌላ ነገር ሆነውብኛል።

ረሽ የሚባለው ባንድ የሠራውን "2112" አልረሳሁትም፣ አውቃለሁ ትቆጪኛለሽ። ከዚያ በፊት የሠሩት አልበም ስላልተሸጠ ኩባንያቸው አጫጭር ዘፈን ሥሩ ሲላቸው እነሱ በ1976 የ20 ደቂቃ ዘፈን ይዘው መጡ። ወኔያቸውን እወዳለሁ። ዘፈኑን ግን ከላይ ካሉት እኩል አላስቀምጠውም፣ ክፍሎቹ አጠገብ ለአጠገብ የቆሙ እንጂ አንዱ ከሌላው የተወለደ አይመስለኝም። ጄትሮ ተል የሚባለው ባንድ የሠራው "ቲክ አዝ አ ብሪክ" ከዚህ ይሻላል፤ ከ40 ደቂቃ በላይ ነው፣ ሸክላውን ገልብጠሽ ትቀጥያለሽ፣ ግን የመጀመሪያው የጊታር ዜማ እየተመላለሰ አንድ ላይ ያስረዋል።

ይኼ ሙዚቃ ጉራ ይበዛበታል የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙሻል። ውሸት ነው አልልሽም። የስ ራሳቸው በ1973 አራት ገጽ ላይ አራት ዘፈን የያዘ ድርብ አልበም አወጡ፣ ዌክማን እንኳ አልወደደውም፣ በዓመቱ ባንዱን ለቀቀ። ቦታ ስላለ ብቻ የተሞላ ሙዚቃ ይታወቃል፣ ሁለት ደቂቃ ብትዘዪ ምንም አይጎድልብሽም። "ስታርለስ" ላይ ሁለት ደቂቃ ዝለዪና ምን እንደሚሆን እዪው።

አሁን ከየት ልጀምር ካልሽ፣ ከጀነሲስ "ፈርዝ ኦፍ ፊፍዝ" ጀምሪ። ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ነው፣ አያስፈራም። ፒተር ገብርኤል በዋሽንት ቀስ አድርጎ የሚጫወተውን ዜማ ያዢ፤ በኋላ ስቲቭ ሃኬት በጊታር ይዞት ሲመጣ ያልኩሽ ነገር ይገባሻል። ቀጥለሽ "ኤኮስ"፣ ከዚያ "ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ"፣ ከዚያ ሌሎቹ። በሄድፎን ስሚ፣ ስልክሽን ከእጅሽ አርቂ፣ ግጥሙ ካልገባሽ አትጨነቂ። አንዴ ሰምተሽ ደግሞ አትፍረጂ፣ ቢያንስ ሦስቴ ስጫቸው።

ሰምተሽ ስትጨርሺ ደውዪልኝ። "ሰፐርስ ሬዲ"ን ካልወደድሽው ግን ለምን እንደሆነ በደንብ ታስረጂኛለሽ፣ እኔም መከራከሪያዬን አዘጋጅቼ ነው የምጠብቅሽ።

የሚወድሽ አባትሽ