ከመሰካታችሁ በፊት ብሬከሩን እዩት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአር ቪ (እንደ ቤት በሚያገለግል መኪና ወይም ተጎታች ቤት) ስለሚደረግ የቤተሰብ ጉዞ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደስ ብሎኝ አነበብኩት። እዚህ አሜሪካ ተጎታች ቤት ገዝቶ ወይም ተከራይቶ ልጆቹን ይዞ ወደ ካምፕግራውንድ (አር ቪ ወደሚቆምበት የማረፊያ ቦታ) የሚወጣው ወገናችን እየበዛ ነው፤ መልካም ነገር ነው። የመብራቱ ጉዳይ ግን በአንድ መስመር ታልፏል። ቦታው ላይ ሲደረስ ገመዱን ሶኬቱ ላይ ሰክቶ መዝናናት ነው ይላል። እኔ በሙያዬ ኤሌክትሪሺያን ነኝ፤ ከባለቤቴ ጋር በተጎታች ቤት መጓዝም እወዳለሁ። ያቺን መስመር አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ካምፕግራውንድ ላይ በየማቆሚያው አጠገብ የመብራት ሳጥን ያለው አጭር ምሰሶ አለ። ክዳኑ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ሦስት ዓይነት ሶኬት ይገኝበታል፦ ባለ 20፣ ባለ 30 እና ባለ 50 አምፔር። ብዙ ሰው ባለ 50ው ከባለ 30ው ትንሽ ብቻ የሚበልጥ ይመስለዋል። ባለ 30ው ያለው አንድ የ120 ቮልት መስመር ነው። 30ን በ120 ስናባዛው 3,600 ዋት ይመጣል። ባለ 50ው ግን ሁለት መስመር አለው፤ እያንዳንዱ 120 ቮልት፣ እያንዳንዱ 50 አምፔር። ሁለቱ ሲደመሩ 12,000 ዋት ነው። ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ባለ 20ው ያው ከቤት ሶኬት ጋር የሚመሳሰለው ሲሆን 2,400 ዋት ይችላል።

ልዩነቱ የሚታወቀው ሙቀት ሲበረታ ነው። ጣሪያ ላይ ያለው ኤሲ (አየር ማቀዝቀዣ) ብቻውን ከ12 እስከ 15 አምፔር ገደማ ይወስዳል። የውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ እንዲሠራ ከተደረገ ሌላ 12 ያህል ይጨምራል። በዚህ ላይ ማይክሮዌቭ ከተነሳ 30ው አለቀ፤ ብሬከሩ፣ ማለትም ጭነት ሲበዛ መብራቱን የሚቆርጠው ማብሪያ ማጥፊያ፣ ይወርዳል። ሰው ይሄኔ ካምፑን ያማርራል። ብሬከሩ ግን ሥራውን ነው የሠራው። ውሃውን በጋዝ አሙቁት፣ ወይም ምግቡ እስኪሞቅ ኤሲውን አጥፉት። ብሬከሩን እየደጋገሙ ማንሳት ግን ገመዱንና ስፒናውን ማቃጠል ነው። ለሰዓታት ለሚቆይ ጭነት እኛ ባለሙያዎች የብሬከሩን 80 በመቶ ብቻ ነው የምንቆጥረው። ከ30ው 24 አምፔር ማለት ነው።

እስካሁን ያልኩት ምቾት የሚያጓድል ነው። ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ንብረት የሚያወድመውና ሰው የሚጎዳው ነገር ነው።

ብዙ ሰው ከጉዞ በፊት ፍሪጁ እንዲቀዘቅዝለት፣ ባትሪውም እንዲሞላለት አር ቪውን ቤቱ ግቢ ውስጥ መሰካት ይፈልጋል። ኤሌክትሪሺያን ይጠራና «ባለ 30 አምፔር ሶኬት አስገባልኝ» ይለዋል። የቤት ሥራ ብቻ የለመደ ኤሌክትሪሺያን 30 አምፔር ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው የልብስ ማድረቂያ ነው። ማድረቂያ ደግሞ የሚሠራው በ240 ቮልት ነው። ሰውየው ትክክለኛውን የአር ቪ ሶኬት ገዝቶ ይመጣል፣ ግድግዳው ላይ አሳምሮ ይገጥመዋል፣ ከጀርባው ግን 240 ቮልት ይለቅበታል። ስፒናው ያለምንም ችግር ይገባል። የአር ቪው ዕቃ በሙሉ የተሠራው ግን ለ120 ነው።

አንድ ወዳጄ ቤት ተጠርቼ ያየሁት ይህንኑ ነው። ተጎታቹ ገና አዲስ ነበር። በሩን ስከፍት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ተቀበለኝ። የማይክሮዌቩ ሰዓት ድርግም ብሏል። ባትሪውን የሚሞላውን ኮንቨርተር ፈትቼ ሳየው ውስጡ ከስሏል። ቴሌቪዥኑም አብሮ ሄዷል። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ግን አንድ ጭረት እንኳ የለበትም፤ ሥራው ንጹሕ ነው። ምክንያቱን ያገኘሁት የቤቱን ፓነል (የብሬከሮቹን ሳጥን) ስከፍት ነው። «አር ቪ» ተብሎ የተጻፈበት ብሬከር ሁለት የተያያዘ እጀታ ነበረው፤ 240 ቮልት የሚለቅ ብሬከር ማለት ነው።

አንባቢዎቻችሁ ይህቺን ብቻ እንኳ ቢይዙልኝ ደስ ይለኛል። ባለ 30 አምፔር የአር ቪ ሶኬት ብሬከሩ ባለ አንድ እጀታ ነው። ሁለት እጀታ ተያይዞ ካያችሁ አትሰኩ። ባለ 50ው ላይ ግን ሁለት የተያያዘ እጀታ ትክክል ነው፤ እንዳትደናገጡ። ኤሌክትሪሺያን ስትጠሩም «30 አምፔር» ብላችሁ አትተዉት። «120 ቮልት፣ ቲቲ-30፣ የአር ቪ ሶኬት» በሉት (ቲቲ-30 የዚህ ሶኬት ዓይነት መጠሪያ ነው)፤ ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ አሳዩት። ሲጨርስ እናንተ ፊት በመልቲሜትር ይለካው። በሁለቱ ሰያፍ ቀዳዳዎች መካከል 120 አካባቢ መነበብ አለበት። አንዱን ሰያፍ ቀዳዳ ከክቡ፣ ከግራውንዱ (ከደህንነት ሽቦው) ጋር ብቻ ለክቶ «ይኸው 120 ነው» ቢላችሁ አትቀበሉት። በስህተት 240 የገባበት ሶኬትም በዚያ አለካክ 120 ያሳያል።

ካምፑ ላይ የሚገጥመው ችግር ደግሞ በአብዛኛው የእርጅና ነው። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኮድ በአንቀጽ 551 ለአር ቪና ለአር ቪ ፓርኮች የራሱን ደንብ አውጥቷል። ሆኖም ሶኬቱ ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቁበታል፤ በየጊዜው የተለያየ ሰው ይሰካበታል፣ ይነቅልበታል። ውስጡ ይላላል። የላላ ደግሞ ይግላል። ስለዚህ ክዳኑን አንስታችሁ በደንብ እዩት። ቀዳዳው ዙሪያ ከጠቆረ፣ ፕላስቲኩ ከቀለጠ ወይም ስፒናው ሲገባ ከተወዛወዘ ቢሮ ሄዳችሁ ሌላ ቦታ ጠይቁ። የከፈላችሁበት ነው፤ ይሉኝታ አያስፈልግም።

ዓይን የማያየውም አለ። ባለ 50ው ላይ ሁለቱ መስመሮች አንድ ኒውትራል (የመመለሻ ሽቦ) ይጋራሉ። ያ ኒውትራል ከተቋረጠ ቮልቴጁ እንደየመስመሩ ጭነት ይዛባል። አንደኛው ወገን ከ120 በታች ሲወርድ ሌላኛው ወደ 180 ሊወጣ ይችላል፤ እዚያ በኩል የተሰካው ዕቃ ይቃጠላል። ማታ ማታ ሁሉም ሰው ኤሲውን ሲከፍት ደግሞ የካምፑ ቮልቴጅ ይወርዳል፤ የኤሲው ሞተር በደከመ ቮልቴጅ ሲታገል ብዙ አምፔር ይስባል፣ ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል።

ለዚህ ኢ ኤም ኤስ የሚባል መሣሪያ አለ። በምሰሶውና በገመዳችሁ መካከል ይሰካል። ኒውትራል ወይም ግራውንድ ከጠፋ፣ ሽቦ ከተገለባበጠ፣ ቮልቴጁ ከልክ በላይ ከወረደ ወይም ከወጣ መብራቱን አያሳልፍም። ብዙዎቹ ከ104 ቮልት በታችና ከ132 በላይ ሲሆን ይቆርጣሉ። ተራው ሰርጅ ፕሮቴክተር ግን ድንገት ዘሎ የሚመጣን ኃይል ብቻ ነው የሚከላከለው። ማሸጊያቸው ስለሚመሳሰል ስትገዙ ጽሑፉን አንብቡ። ከመኪናው ጋር አብሮ መገዛት ያለበት ዕቃ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ስለ ልጆቻችን። የአር ቪውን በር ስትይዙ ወይም የብረት ደረጃውን ስትነኩ ትንሽ እንኳ ከነዘራችሁ «ምንም አይደል» ብላችሁ አትለፉት። ኮረንቲው ወደ አር ቪው አካል ወጥቷል፣ በደህና የሚመልሰው ግራውንድ ደግሞ የለም ማለት ነው። ጫማ ያደረገ አዋቂ ነዘር ብቻ ሊያደርገው ይችላል። በባዶ እግሩ እርጥብ ሣር ላይ ቆሞ ያንኑ እጀታ የሚጨብጥ ልጅ ግን ሊሞት ይችላል። ወዲያውኑ ልጆቹን አርቁ፣ ምሰሶው ላይ ያለውን ብሬከር አውርዱ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ ከዚያ ቢሮውን ጥሩ። ምክንያቱ እስኪታወቅ መልሳችሁ አትሰኩ።

አሰካኩም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ብሬከሩ ይጥፋ፣ ከዚያ ይሰካ፣ መጨረሻ ብሬከሩ ይነሳ። ስትሄዱም ኤሲውን አጥፉ፣ ብሬከሩን አውርዱ፣ ከዚያ ንቀሉ። ኤሲው እየሠራ የተነቀለ ስፒና እሳት ይተፋል፤ የጥርሶቹ ጫፍ የሚጠቁረው እንዲያ ነው። የተጠቀለለ ገመድ ሙቀት ስለሚይዝ ዘርጉት። ቀጭን የቤት ኤክስቴንሽን ለኤሲ አይሆንም። አዳፕተር ደግሞ ቅርጽ ነው የሚቀይረው። ባለ 50 አር ቪ በአዳፕተር ባለ 30 ሶኬት ላይ ሲሰካ የሚያገኘው ያንኑ 3,600 ዋት ነው።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ አለኝ። በሚቀጥለው እትም የሦስቱን ሶኬቶች ሥዕል ብታወጡልን? ራሴ ሥዬ፣ የትኛው ቀዳዳ ምን እንደሆነና በየትኞቹ መካከል ስንት ቮልት መነበብ እንዳለበት በአማርኛ ጽፌበት በዚህ ሳምንት እልክላችኋለሁ። አንባቢ ቆርጦ አር ቪው ውስጥ ሊለጥፈው በሚችል መጠን ይታተምልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ኤሌክትሪሺያን