የአባባ መሬት ነገር

ይድረስ ለውድ እህቴ ለሰናይት፣

እንዴት ከረምሽ አቦ? ልጆቹስ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ወሩ የካቲት ነውና እዚህ ድሬዳዋ ማታ ማታ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር ተቀምጦ ማምሸት ይቻላል።

አራት ዓመት ዝም ያልኩሽ ረስቼሽ አይደለም። የመልካ ጀብዱውን የአባባን መሬት አደራ ብለሽኝ ሄድሽ፤ እኔ የጠበቅሁት አንድ ክረምት ብቻ ነው። እናቴ ታመመችና ቀረሁ። ስመለስ ፕሮሶፒሱ፣ ያ ሰዉ ወያኔ ዛፍ የሚለው፣ አጥሩን አልፎ ጉድጓዱ ጋ ደርሷል። ምን ብዬ ልጻፍልሽ? እያፈርኩ ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ። ይቅር በይኝ።

በጥር ሄጄ ከዛፉ ሥር አፈሩን ዘገንኩት። ጥቁር ነው፣ ለስላሳ ነው፤ አባባ በፍግ እንኳ እንዲህ አላደረሱትም። ሥሩ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጂን የሚባለውን የተክል ምግብ ከአየር እየያዙ ለዛፉ ይሰጡታል፤ ቅጠሉ ሲረግፍ ያ ሁሉ እዚያው ይከማቻል። ታዲያ ሣር እንኳ ለምን አጣበት? ገርቢ የሚባለውን ዛፍ አስቢው። እሱም ናይትሮጂን ይሰጣል፤ ግን በዝናብ ወቅት ቅጠሉን ስለሚያራግፍ የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን ከሥሩ ይዘራል። ይሄኛው ዓመቱን ሙሉ እንደለመለመ ነው። ፀሐይ ይጋርዳል፣ ውኃ ይሻማል፣ የረገፈው ቅጠሉም የሌላውን ዘር የሚያፍን ነገር ወደ አፈሩ ይለቃል።

እኔም በሦስት የድልህ ጣሳ ማሽላ ዘራሁ። አንዱ ከሜዳ የመጣ አፈር፣ አንዱ ከዛፉ ሥር ከነብስባሹ፣ ሦስተኛው ያው የዛፉ ሥር አፈር ሆኖ ብስባሹን ጠርጌ ደጋግሜ በውኃ ያጠብኩት። የሜዳው በቀለ፣ ግን ቀጫጫ ነው። ብስባሽ ያለበት ሁለት ብቻ ብቅ አሉበት፣ እነሱም ዘግይተው። የታጠበውን ብታዪው! ከሁሉም ረዝሞ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። ሦስት ጣሳ ሁሉን አይናገርም፤ እኔ ግን እዚያ በረንዳ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ሲሳዩ መሬቱ ውስጥ አለ፣ ሰናይት።

ይህ ዛፍ በ1970ዎቹ መጨረሻ በፈረንጅ አቆጣጠር እዚሁ ድሬ፣ ጎሮ ችግኝ ጣቢያ ነው የተተከለው፤ በረሃውን ያለማል ተብሎ። የተከሉት ክፉ አስበው አይመስለኝም።

መቁረጥ ብቻ ግን ዋጋ የለውም። ከመሬት በላይ ከተቆረጠ ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ አፈር ውስጥ ገብቶ ከአንገቱ መነቀል አለበት። ፍየል ፍሬውን በልታ ዘሩን ከነበጠጡ ስለምትበትነው የጎረቤቶቹን ፍየሎች ለጊዜው ማስቀረት አለብን፤ ባለቤቶቹን አነጋግሬ እሺ ብለውኛል። ከሁሉ የምፈራው ፋራምሲሳ የሚሉትን አረም ነው። መሬትህን ለቀሃል፣ ፈርም የሚያሰኝ ማለት አይደል ስሙ? ዛፉ የተወውን ናይትሮጂን ቀድሞ የሚበላው ያ አረም ነው፤ አንዷ ተክል ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ዘር ታፈራለች። ስለዚህ የምንነቅለው በበልግ መዝሪያችን ልክ ይሁን፤ የተነቀለው ቦታ ባዶውን እንዳያድር ወዲያው ማሽላ እናልብሰው። ከጉድጓዱ ዳር መጀመር ፈልጌያለሁ።

ነቃዮች አግኝቻለሁ። መሬቱ ያንቺ ነውና ቃልሽን ሳልሰማ አላስነካውም። የአባባ ሎሚ አንዷ አሁንም ቆማለች፤ ሦስት ፍሬ ለቅሜ አስቀምጬልሻለሁ።

እህትሽ አልማዝ፣ ከድሬ