የሚቀረው ባክቴሪያው ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ አውስትራሊያው ሻርክ ቤይ የረቂቅ ተሕዋስያን ንጣፍ (ባክቴሪያዎችና መሰሎቻቸው ተደራርበው የሚሠሩት ምንጣፍ መሰል ነገር) ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ «ቫይረሶቹ በ0.2 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ተያዙ» የሚለው ግን ተገልብጧል። እዚያ ላይ የሚቀረው ባክቴሪያው ነው፤ አብዛኛው ቫይረስ ሾልኮ ያልፋል። ቫይረሶቹን ለቆጠራ የሚይዘው የ0.02 ማይክሮሜትሩ ማጣሪያ ነው።

ቫይረስ ለመቁጠር ንጣፉ ከባሕር ውኃ ይልቅ ያስቸግራል፤ ባክቴሪያዎቹ የሚያመነጩት ዝልግልግ ነገር ቫይረሶቹን አጣብቆ ይይዛል። ቫይረሶቹ እንዲላቀቁ ናሙናው ሶዲየም ፓይሮፎስፌት በተባለ ጨው ተበጥብጦ፣ በረዶ ላይ እንዳለ በአልትራሳውንድ (በማይሰማ የድምፅ ሞገድ) በአጭር በአጭሩ ይነቀነቃል። መነቅነቁ ከበዛ ቫይረሱም ይሰበራል። ዲኤንኤዝ (ዲኤንኤን የሚቆራርጥ ኢንዛይም) ካልተጨመረ ደግሞ ከሞቱ ሴሎች የፈሰሰው ዲኤንኤ ዲኤንኤ ላይ ተጣብቆ የሚያበራውን የሳይበር ጎልድ (SYBR Gold) ቀለም ይዞ ያበራና ቁጥሩን ያንረዋል። ናሙናውን ፎርማሊን ጨምሮ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ግን ቁጥሩን ያወርዳል፤ ወዲያው ካልተቆጠረ በፈሳሽ ናይትሮጅን (ጅማ ላይ ሰው የሚያውቀው ከከብት ማዳቀያው ነው) አቀዝቅዞ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ማስቀመጥ ነው።

የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያዎች፣ ከጅማ