«ልዩ ልዩ ቅመሞች» ማለት ስንት ነገር ነው?

ይድረስ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። አንድ ኪሎ ምጥን ሽሮ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ነው የምጽፍላችሁ። ከረጢቱ ጀርባ ላይ «ሽምብራ፣ አተር፣ በርበሬ፣ ጨውና ልዩ ልዩ ቅመሞች» ይላል። ጉዳዬ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ቃላት ጋር ነው።

ሦስት ዓመት ያህል ምሳ በበላሁ ቁጥር ሆዴ ይነፋ ነበር። ከሰዓት በኋላ የቀሚሴን ቁልፍ ፈታ ሳላደርግ ቢሮ መቀመጥ አልችልም። ይጮሃል፣ ይቆርጠኛል፣ አንዳንዴም ሩጫ ነው። እንደ አገራችን ደንብ መጀመሪያ «ጨጓራ ነው» ተባልኩ። ቀጥሎ «አሜባ ነው»። በመጨረሻ «ጭንቀት ነው»። መድኃኒቱን በየተራው ዋጥኩ። ተልባም ጠጣሁ፣ ጥቁር አዝሙድ በማርም ላስኩ። ጾም ሲገባ ደግሞ ይብስብኛል። ጎረቤታችን እትዬ «ጾሙ እየፈተነሽ ነው» አሉኝ። ብዙም አልተሳሳቱም፤ ጾም ማለት እኛ ቤት በየቀኑ ሽሮ ነው።

አንዲት የሥነ ምግብ ባለሙያ ናት ነገሩን የፈታችው። «ደብተር ግዢ» አለችኝ። የበላሁትን፣ ሰዓቱን፣ ሆዴ የሆነውን ሁሉ ጻፍኩ። ከዚያ የተጠረጠሩትን ምግቦች ለጥቂት ሳምንታት አስወጥታ አንድ በአንድ አስመለሰችኝ። ሜልቦርን የሚገኘው የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያስፋፉት ዘዴ ነው፤ ፎድማፕ ይሉታል።

ዋናው ጥፋተኛ ሽንኩርት ሆኖ ተገኘ። ቀዩም ነጩም። ውስጣቸው ፍሩክታን የሚባል ነገር አለ። የማንም ሰው ትንሹ አንጀት አይፈጨውም፤ እንዳለ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ያብላሉትና ጋዝ ይሆናል። ብዙ ሰው ልብ ሳይለው ያልፋል። አንጀቱ ስስ የሆነ ሰው ግን ያመዋል። አለርጂ አይደለም፤ ሰው አይገድልም። ከሰዓቱን ግን ይገድላል። (ሽምብራውም ንጹሕ አልነበረም፤ በልኩ ሲሆን ግን ቻልኩት።) ለእናቴ ስነግራት እጇን አገጯ ላይ አድርጋ «ታዲያ ምኑን ልትበዪው ነው?» አለች።

እሷው መላ አመጣች። ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ነጭ አዝሙድና በሶብላ ብቻ ጨምራ ለብቻዬ ሽሮ አስፈጨችልኝ። እሱን ስበላ ሰላም ነኝ። ያ ሲያልቅብኝ ይህን የሱቅ ሽሮ ገዛሁ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ሆዴ ከበሮ ሆነ።

ከረጢቱ ላይ ባለው ስልክ ደወልኩ። «ነጭ ሽንኩርት አለበት ወይ?» አልኩ። ያነሳው ልጅ ትሑት ነው፤ «እህቴ፣ ቅመሙ የድርጅቱ ምስጢር ነው» አለኝ። መጠኑ ምስጢር ይሁን፣ እሺ። ስሙ ግን እንዴት ምስጢር ይሆናል? ሽሮ ውስጥ ምን እንደሚገባ የሰፈር እናት ሁሉ ያውቃል። የማላውቀው እኔ የበላሁት ውስጥ ምን እንደገባ ነው።

እናንተ ከኔ በላይ የምታውቁትን ላንሳ። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አውጪ ኮሚሽን፣ ኮዴክስ፣ ለታሸገ ምግብ ያወጣው የገላጭ ጽሑፍ ደንብ አለ። ደንቡ «ቅመሞች» ብሎ በጅምላ መጻፍ የሚፈቅደው ቅመሙ ከምግቡ ክብደት 2 በመቶ ካላለፈ ነው። ምጥን ሽሮ ውስጥ ያለው ቅመም ከ2 በመቶ አያልፍም የሚል ባለሙያ ካለ ባገኘው ደስ ይለኛል። ስሙ ራሱ ምጥን ነው እኮ!

ነገሩ የሽንኩርት ብቻ አይደለም። የደረቀ ፍራፍሬና የወይን ጠጅ እንዳይበላሽ የሚጨመረው ሰልፋይት አንዳንድ የአስም ሕመምተኞችን ትንፋሽ ያሳጥራል። በኮዴክስ መሠረት በኪሎ 10 ሚሊግራም ከደረሰ መጻፍ አለበት። አሜሪካ በ1986 እ.ኤ.አ. ጥሬ በሚበላ አትክልትና ፍራፍሬ ላይ እንዳይደረግ ከልክላለች። ስኳር አልባ ማስቲካና ከረሜላ ውስጥ የሚገባው ሶርቢቶል የተባለ ማጣፈጫ ሲበዛ ሆድ ያስቀምጣል፤ አውሮፓ ውስጥ ከተወሰነ መጠን ካለፈ ይህንኑ ማሸጊያው ላይ መጻፍ ግዴታ ነው። እኛ ለልጅ ዝም ብለን እንገዛለን። በሌላ በኩል ሰው ሁሉ የሚፈራው የወጥ ማጣፈጫ፣ ግሉታሜት፣ በጥናት ሲፈተሽ እንደሚወራበት ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ «ኬሚካል ይከልከልልን» እያልኩ አይደለም። እኔን ያሳመመኝ ከጓሮ የተነቀለ ሽንኩርት ነው። የምጠይቀው እንዲጻፍ ነው።

የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ምግብን የመቆጣጠር ሥራ ለእናንተ ሰጥቷል። በዚህ ሥልጣን ሽሮ፣ በርበሬና ሚጥሚጣ አሽጎ የሚሸጥ ሁሉ የጨመረውን እያንዳንዱን ነገር በስሙ፣ በአማርኛ፣ በሚነበብ ፊደል እንዲጽፍ አድርጉልን። ከውጭ ለሚገባውም እንዲሁ። የምግብ ጭማሪ ካለበት ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ ስሙም ይኑር። ኢ 420 ማለት ሶርቢቶል መሆኑን እናቴ ከየት ታውቃለች?

በማኅበር ተደራጅተው ሽሮ የሚያሽጉ ሴቶች እንዳይጎዱ ግን አደራ። ያሳተሙትን ከረጢት እስኪጨርሱ ጊዜ ስጧቸው። እስከዚያ ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ይበቃቸዋል። እናቴ ለቤተሰቡ በምታዘጋጀው ሽሮ የምትጨምረውን ሁሉ ስታስቆጥረኝ አሥራ አንድ ነገር ሆነ። ይህን ከረጢት ገልብጬ ጻፍኩት። ሁለት መስመር ነው የፈጀው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሽሮ ደንበኛ፣ ከአዲስ አበባ