ልጆቻችን ጨዋታ ውስጥ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሮብሎክስና መሰሎቹ ለልጅ ይሆናሉ ወይ? ልጆች አቫታር፣ ማለትም እነሱን የሚወክል ምስል፣ ሠርተው የሚገቡባቸውን፣ ከማያውቁት ሰው ጋር የሚጫወቱባቸውንና የሚያወሩባቸውን ዓለሞች ማለቴ ነው። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የኮምፒውተር መምህርት ነኝ። ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ወላጆች ካርድ ሊወስዱ ሲመጡ ከውጤት ቀጥሎ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። በር ላይ ቆሜ የምሰጠው መልስ ስለማያጠግብ በጋዜጣችሁ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው።

ወላጆቹ ባብዛኛው ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው «ጨዋታ ነው፣ ቢያንስ ከቤት አልወጣም» ይላል። ሌላው «ከነአካቴው ማጥፋት ነው» ይላል። ከሁለቱም ጋር አልስማማም። ጨዋታውን ብዙም አልፈራውም። የምፈራው ቻቱን ነው። ከቻቱም በላይ የምፈራው ልጁ እዚያ ያጋጠመውን እቤት ለመናገር መፍራቱን ነው።

ጨዋታውን በደፈናው ማውገዝ ተገቢ አይደለም። ክፍሌ ውስጥ ሮብሎክስ ላይ የራሱን ጨዋታ ልሥራ ብሎ ማንም ሳያስተምረው ኮድ መጻፍ የጀመረ ልጅ አለ። አሜሪካ ካለ የአክስቱ ልጅ ጋር በየቅዳሜው ቤት የሚገነባም አለ። በስልክ ሲገናኙ «ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ» ብለው ዝም የሚሉ ልጆች እዚያ ሲገናኙ ወሬያቸው አያልቅም። ቤተሰብ እንዲህ ተበታትኖ በሚኖርበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ። አንዲት ተማሪዬ ከአንድ ሰው ጋር የተጻጻፈችውን አሳይታኛለች። ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንዱን ነገር ትቼዋለሁ። ሰውየው የጀመረው «ቤትሽ ያምራል» ብሎ ነው። ጨዋታው ውስጥ የሠራችውን ቤት ማለቱ ነው። በማግስቱም መጣ። ሰላም አላት፣ ስጦታ ሰጣት።

ስጦታው እኛ አገር ምን ያህል እንደሚያጠምድ ሁሉም ወላጅ አይረዳውም። ሮቡክስ የሚባለው የጨዋታው ገንዘብ የሚገዛው በዶላር ነው። ለውጭ ክፍያ የሚሆን ካርድ ያለው ቤተሰብ ደግሞ ጥቂት ነው። አንዳንዶቹ ልጆች ቴሌግራም ላይ በብር ከሚሸጡ ሰዎች ይገዛሉ፤ እሱም ቢሆን ለሁሉም ኪስ አይሆንም። ስለዚህ «በነጻ እሰጥሻለሁ» የሚል ሰው ሲመጣ ልጅ ምንም አይጠረጥርም። ደግ ሰው ነው የሚመስላት።

ከስጦታው በኋላ ዕድሜዋን ጠየቃት። ከዚያ «እዚህ ቻቱ ይቆርጣል፣ ቴሌግራም አለሽ?» አላት። ሮብሎክስ ስድብና ስልክ ቁጥር የመሰለውን ነገር በምልክት ይሸፍነዋል። መላውን የሚያውቅ ሰው ግን የቴሌግራም ስሙን ቆራርጦ ይልከዋል። ሰውየው የሚጽፈው በላቲን ፊደል ቢሆንም ቋንቋው አማርኛ ነበር። አደጋው ከሩቅ አገር ብቻ የሚመጣ የሚመስለን ይህን ልብ እንበል። አንዴ ቴሌግራም ላይ ከደረሱ በኋላ የጨዋታው ድርጅት ምንም አያይም። «ፎቶ ላኪልኝ፣ የፊትሽን ብቻ» አላት። ቀጥሎ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ለማሚ እንዳትነግሪያት፣ ስልኩን ትቀማሻለች።»

ልጅቷ እዚህ ላይ ደንግጣ አቆመች። ግን ለእናቷ አልተናገረችም። ያሳየችው ለእኔ ነው። «ለምን ለእናትሽ አልነገርሽም?» ስላት «ስልኩን ትቀማኛለች» አለችኝ።

ይህ ሰው ቤታችንን አሳምሮ ያውቀዋል። ልጅ ያጋጠማትን ስትናገር የምትቀጣ ከሆነ ሁለተኛ እንደማትናገር ያውቃል። እናትየዋ ክፉ ሴት አይደለችም። እንደ አብዛኞቻችን ልጇን የምትጠብቀው በመከልከል ነው። በኋላ ቁጭ ብለን ስንነጋገር መጀመሪያ ያለችው «እኔ እኮ ስልኩን የምቀማት ስለምወዳት ነው» ነበር። እውነቷን ነው። ሰውየው ግን ያንኑ ቅጣት ነው ለማስፈራሪያ የተጠቀመበት።

ወንድ ልጅ ያላቸው ወላጆች «የእኔ ወንድ ነው» ብለው ዘና ሲሉ አያለሁ። የአሜሪካው የወንጀል ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ ግን በተደጋጋሚ ያስጠነቀቀው ስለ ወንዶቹ ነው። ገላን የሚያሳይ ፎቶ አስልኮ ገንዘብ የሚጠይቀው ወንጀል በብዛት የሚያጠቃው ከ14 እስከ 17 ዓመት ያሉ ወንዶችን ነው። ወንጀለኛው የእኩያ ሴት ልጅ መስሎ ይቀርባል። ፎቶው እጁ ከገባ በኋላ «ገንዘብ ካላመጣህ ለጓደኞችህ እበትነዋለሁ» ይላል። ብዙ ጊዜ ትውውቁ የሚጀመረው ጨዋታ ላይ ወይም ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ነው። ከእፍረቱ የተነሳ ራሳቸውን ያጠፉ ልጆች አሉ። ችግሩ የፈረንጅ ብቻም አይደለም። ዩኒሴፍ፣ ኢንተርፖልና የልጆችን ወሲባዊ ብዝበዛ የሚታገለው ኤክፓት እ.ኤ.አ. በ2022 ኢትዮጵያን በተመለከተ ባወጡት ጥናት፣ ኢንተርኔት ከሚጠቀሙ ከ12 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች መካከል 10 በመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ ከባድ የሆነ የኦንላይን ወሲባዊ ብዝበዛ ወይም ጥቃት ደርሶባቸዋል። ክፍሌ ውስጥ ቆሜ ተማሪዎቼን ሳያቸው ይህ ቁጥር ከአእምሮዬ አይጠፋም።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ሃቦ ሆቴል አንድ የፊንላንድ ድርጅት ለታዳጊዎች የከፈተው የቻት ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2012 የእንግሊዙ ቻናል 4 ዜና ጋዜጠኛ የ11 ዓመት ልጅ መስላ ገባችበት። ደቂቃዎች ሳይቆዩ አስነዋሪ የወሲብ ወሬ ይጎርፍላት ጀመር። ዜናው ሲወጣ አንድ ትልቅ ባለሀብት ከድርጅቱ ወጣ። የታወቁ የእንግሊዝ መደብሮችም የሃቦን የስጦታ ካርድ መሸጥ አቆሙ። ድርጅቱ ቻቱን በመላው ዓለም ዘጋው። ዜናው እስኪወጣ ድረስ ግን አልተዘጋም ነበር።

እንዲያውም ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እንዲህ ያሉ 27 ዓለሞችን ፈትሾ በ19ኙ ውስጥ ቢያንስ አንድ ግልጽ የወሲብ ወይም የጥቃት ይዘት አግኝቶ ነበር። ስለዚህ «አላወቅንም ነበር» የሚል ድርጅት ካለ አላምነውም። መፍትሔውም ያኔ ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተው ክለብ ፔንግዊን የሚባል የልጆች ጨዋታ ልጆች ከተዘጋጁ ዓረፍተ ነገሮች ብቻ እየመረጡ የሚነጋገሩበት አሠራር ነበረው። ልጁ የፈለገውን መጻፍ አይችልም፣ የማያውቀው ሰውም የፈለገውን ሊጽፍለት አይችልም።

ዋናው ነገር ልጁ ገና ሲገባ ቻቱ ክፍት ነው ወይስ ዝግ የሚለው ነው። ፎርትናይት የሚባለው ጨዋታ ባለቤት የሆነው ኤፒክ ጌምስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የአሜሪካን የልጆች መረጃ ጥበቃ ሕግ ጥሰሃል ተብሎ 275 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በኮሚሽኑ ክስ ውስጥ አንዱ ነጥብ የድምፅና የጽሑፍ ቻቱ ለልጆችም ከመጀመሪያው ክፍት መሆኑ ነበር። በክሱ እንደተገለጸው የድርጅቱ የራሱ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ይህ ይስተካከል ሲሉ ነበር። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የሚፈትሽ ወላጅ ስንት ነው? አብዛኛው ልጅ የሚጫወተው አፑ ሲወርድ እንደነበረው ነው። ስለዚህ ድርጅቶቹን አጥብቀን መጠየቅ ያለብን ቻቱን ከመጀመሪያው ዝግ እንዲያደርጉት ነው።

ሮብሎክስ በዚህ በኩል የተወሰነ ርቀት ሄዷል። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከጨዋታ ውጭ ያለውን የግል መልእክት ዘግቷል። ወላጅም የራሱን አካውንት ከልጁ ጋር አገናኝቶ የጓደኞቹን ዝርዝር ማየት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2026 መጀመሪያ ደግሞ ቻት የሚፈልግ ሁሉ ፊቱን በካሜራ አሳይቶ ዕድሜው እንዲገመት አስገደደ። ጥሩ ነው። ግን እቤት ውስጥ ምን ይሆናል? ልጁ «ማሚ፣ እስቲ አንዴ እዚህ እዪ» ይላል። እናት ወጥ እያማሰለች ዞር ብላ ታያለች። አለቀ፣ ልጁ ትልቅ ሰው ሆነ ማለት ነው።

የእኛ ብቻ የሆነ ሌላ ጉድም አለ። በ2007 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ አካውንት ሲከፍት የሚያውቀውን የልደት ዓመት ያስገባል፤ 2007 ይላል። ኮምፒውተሩ የሚያነበው በፈረንጅ ነው። የ11 ዓመቱ ልጅ በአንድ ጊዜ 18 ሞልቶት ይገባል። ውሸት አልተናገረም፣ ማንንም አላታለለም። የልደት ዓመትን ብቻ አይቶ የሚሠራ ጥበቃ ግን አንዱም አይነካውም። ክፍል ውስጥ አካውንታቸውን አስከፍቼ ሳይ ይህ ያጋጠማቸው ልጆች ጥቂት አይደሉም። ይህን የምታነቡ ወላጆች ዛሬ ማታ ሌላው ቢቀር የልደት ቀኑን ተመልከቱ።

ይዘጋ ለሚሉት ደግሞ ይህን እላለሁ። ኳታርና ኩዌት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ሮብሎክስን ዘግተዋል። ጭንቀታቸው ይገባኛል። እኛ ጋ ግን ቴሌግራምና ፌስቡክ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ሲዘጉ ምን እንደሆነ እናስታውሳለን። ያኔ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ሳይቀር የተዘጋውን የሚያስከፍተውን ቪፒኤን መጫን ለመደ። አንዱ ሲዘጋ ልጆቹ ወደ ሌላው ይሄዳሉ። የሚሄዱበት ደግሞ ያን ያህል እንኳ ማጣሪያ የሌለው ሊሆን ይችላል።

ወላጅ ምን ያድርግ? ስልኩ መኝታ ክፍል ሳይሆን ሳሎን ይሁን፣ በተለይ ማታ። ቻቱ ለጓደኞች ብቻ ይሁን፤ ጓደኛ የሚባለውም በአካል የሚታወቅ ልጅ ይሁን። ከሁሉ በላይ ግን ለልጃችሁ ይህን ቃል ግቡ፦ «እዚያ ውስጥ ሰው ምንም ቢልህ፣ ምንም ብትልክ፣ መጥተህ ብትነግረኝ ስልኩን አልወስድብህም።» ከዚያም ቃላችሁን ጠብቁ። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ሲያሳይ እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ስልኩ ነው። አባት ደግሞ ወደ ቀበቶው ሊሄድ ይችላል። ያቺ እናት አላደረገችውም። ልጅቷን አቅፋ አለቀሰች፣ ስልኩንም መለሰችላት። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ማን ምን እንደጻፈላት እየመጣች ታሳያታለች።

ነገሩ ከደረሰ በኋላ ብዙዎች የሚሠሩት ስሕተት ደግሞ መልእክቱን ማጥፋት ነው። ልጁ ፈርቶ ያጠፋል፣ ወላጅ ተናድዶ አካውንቱን ይዘጋል፣ ማስረጃው አብሮ ይሄዳል። መጀመሪያ የሰውየው ስም እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪንሾት አንሱ። ከዚያ ሪፖርት አድርጉ፣ ብሎክ አድርጉ። ገንዘብ ከጠየቀ አትክፈሉ፤ ከተከፈለው ይጨምራል እንጂ አይተውም። ወደ ፖሊስም ሂዱ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ የወሲብ ይዘት ያለው መልእክት ወይም ሥዕል እየላከ ለወሲብ የሚያግባባን ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ሕጉ አለ። የቀረው ማስረጃ ይዞ የሚሄድ ሰው ነው።

ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ልመና አለኝ። የልጆችን አካውንት እንዴት እንደሚያስተካክሉ፣ ቻቱ የት ጋ እንደሚዘጋ፣ የልደት ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚሞላ፣ ከነፎቶው በአማርኛ ብታወጡልን ለብዙ ቤት ይጠቅማል። መመሪያው ባብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፤ ብዙ እናቶችና አያቶች አያነቡትም። ጽሑፉን በነጻ አዘጋጃለሁ። የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼም ስልኩን ከእኔ በላይ ስለሚያውቁት ሊያግዙኝ ቃል ገብተዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የኮምፒውተር መምህርት፣ ከአዲስ አበባ